ቃላቸው አስፋልት ነበር

ጋሽ ዳልኬ ኦይቻ ከዚህ ዓለም መለየታቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ከቤሌ የመጣ ሙዝ ሳስወርድ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሰው አልላኩም፤ ራሳቸው ደወሉ። «ጋሽሽ ሄዱብን» አሉኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ሙዙን ማን እንዳስወረደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። በተለይ ግን በቀብራቸው ዕለት ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣችሁ «ለመሆኑ ሟቹ የምን ሠራተኛ ነበሩ?» እየተባባላችሁ ስትጠያየቁ ለሰማኋችሁ ወጣቶች ነው። እውነታችሁን ነው፣ አልደረሳችሁበትም። ጋሽ ዳልኬ በሶዶ የአገራችን አየር መንገድ ወኪል ነበሩ። ወኪል ስላችሁ ጠረጴዛና ደረት ኪስ ላይ የተሰካ ባጅ እንዳይታያችሁ። ትኬት የሚቆርጡት እሳቸው፣ ዕቃ የሚመዝኑት እሳቸው፣ በሬዲዮ ከአብራሪ ጋር የሚነጋገሩት እሳቸው፣ ከሜዳው ላይ በግ የሚያባርሩትም እሳቸው ነበሩ። ቢሯቸው አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ነበረች።

ሜዳው ሣር ነበር። አስፋልት የለም፣ ማማ የለም፣ መብራት የለም፤ ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ አንድ የጨርቅ ከረጢት እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይውለበለባል። አውሮፕላኗ ባለ ሁለት ሞተር ነበረች፤ ስትቆም ጭራዋን መሬት ላይ አሳርፋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሣለች። ሰው ከኋላ ገብቶ ወንበሩ ለመድረስ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዞቹ መንገዱን ሲቆርጡት ግን ሕመምተኛው፣ ነጋዴው፣ ፖስታው፣ መድኃኒቱ ሁሉ በእሷ ነበር የሚሄደው።

እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ በሜዳው ዳር ለመንገደኛ ሻይና ቦይና የምንለውን የተቀቀለ ጎደሬ እሸጥ ነበር። ስለዚህ ሥራቸውን በየቀኑ አይቻለሁ። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ይሄዱበታል። በዘንጋቸው መሬቱን ይወጋሉ፤ ውሃ የያዘ ቦታ ሲያገኙ ቆመው ያያሉ፤ ፍልፈል የቆፈረውን ይደፍናሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ወደ ሬዲዮአቸው ገብተው ሜዳው ደኅና መሆኑን የሚናገሩት። አንድ ቀን ዝናብ እየመታቸው ሲመለሱ አይቼ «ጋሼ፣ ትናንት ያዩትን ሜዳ ዛሬ ደግሞ ለማየት ምን አደከመዎት?» ብላቸው፣ «እዚህ አስፋልት የለንም ልጄ፤ አብራሪው የሚወርደው በእኔ ቃል ላይ ነው። ቃሌን ሳልረግጠው አልሰጠውም» አሉኝ።

ሰው ማክበር ያውቁበት ነበር። አንዲት የቤሌ ነጋዴ ዕቃዋ እንዳይከብድባት ብላ ያላትን ቀሚስ ሁሉ ደራርባ፣ በላዩ ጋቢ ጨምራ፣ በዚያ ፀሐይ እያላበች መጣች። ጋሽ ዳልኬ ሰላምታ ሰጧትና ሚዛኑ ላይ እንድትወጣ ለመኗት።

«እኔን? እኔ ደግሞ ቅቤ ነኝ እንዴ?» አለች።

«እሜቴ፣ አውሮፕላኗ ቅቤና ሰው አትለይም፤ ሁሉም ይከብዳታል።»

ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ወደ እኔ ዞረው «ውስጥ አስገቢያትና ትቅለል፣ ውሃም ስጫት» አሉ። ልብሷን በኋለኛው በረራ ራሳቸው አስጭነው ላኩላት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት ወደ ሶዶ በመጣች ቁጥር ቤታቸው ሳትገባ አትመለስም ነበር።

ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። የዕቃ ጫኞቹ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ፣ ሻንጣ ላይ በሚንጠለጠለው ካርቶን ላይ የከተማውን ስም በአማርኛ ይጽፉበት ነበር። «ይሄ ምን ይላል?» ስላቸው ይነግሩኛል። ጅማን አወቅሁ፣ ጎባን አወቅሁ፣ አርባ ምንጭን አወቅሁ። የቀረውን አውሮፕላኗ ይዛ ከምትመጣው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ ለቃቀምኩት። አንድ ቀን ጋዜጣውን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰሙኝና «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለመንገደኞቹ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። የማውራት አመሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ዓመት በክረምቱ ማብቂያ ላይ ከአዲስ አበባ ከባድ ወሬ መጣ። አየር መንገዱ ከሣር ሜዳዎች አንዳንዶቹን ሊዘጋ ነው፤ የእኛን ሜዳ የሚያይ አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሜዳው ካልተመቸው በረራው ይቀራል። በረራው ቀረ ማለት ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ከገሱባ በቃሬዛ የሚመጣ ሕመምተኛ ሶዶ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጋሽ ዳልኬ በዚያ ሰሞን ከሱ። እትዬ አስቴር «ሜዳውን ነው እንዴ ያገባኸው?» እያሉ ይተርቧቸው ነበር፤ ምግብ ግን ሜዳው ድረስ ያመጡላቸው ነበር።

ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን እንደ ልማዳቸው ማለዳ ወጥተው ሜዳውን ሄዱበት። ደርቋል፣ ጸድቷል። ደስ ብሏቸው ወደ ሬዲዮ ክፍላቸው ገቡና ቃላቸውን ሰጡ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማችን ለእንግዳው የአቀባበል ኮሚቴ አቋቁማ ነበር። ሰብሳቢው አያ ባሳ፣ እንግዳ በባዶ መሬት መቀበል ነውር ነው የሚሉ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ከረግረጉ የታጨደ እርጥብ ቄጤማ በአህያ ጭነው፣ ሰው አሰልፈው፣ እየዘፈኑ መጡ። አውሮፕላኗ ጎማዋን የምታሳርፍበትን ቦታ እንደ ሠርግ ቤት ጎዘጎዙት።

ጋሽ ዳልኬ ዘፈኑን ሰምተው ሲወጡ ሜዳው ለምልሟል። የሞተር ድምፅ ደግሞ ከዳሞታ ተራራ በኩል መሰማት ጀምሯል። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። አልጮኹም። ተመልሰው ሬዲዮውን አነሡና «አትውረዱ። ሜዳው ዝግ ነው። ዙሩልኝ» አሉ።

አውሮፕላኗ በላያችን አልፋ ወደ አባያ ሐይቅ በኩል ስትሄድ ዘፈኑ ቆመ።

«ዳልኬ፣ ምን ሆንክ? እንግዳችንን ከደጃፍ መለስከው!» አሉ አያ ባሳ።

«አያ ባሳ፣ እርጥብ ሣር ጎማ አያቆምም። ተንሸራታ ከሜዳው ብትወጣ እንግዳዎን በምን ያነሡታል?»

ሽማግሌው አፋቸውን ያዙ። አንዱ ከኋላ «ከብት እናስገባና ይብሉት!» አለ። ሌላው «ከዚያስ ከብቱን ማን ያስወጣዋል፣ አጎትህ?» አለው። በዚህ መሐል እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ቆመን ልናለቅስ ነው ወይስ ልንጠርግ?» አሉና የመጀመሪያውን ክምር ታቀፉ። ከዚያ በኋላ ማን ቀረ! የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም ሽማግሌ፣ የገበያው ሴት፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም በእጁ፣ በቅርንጫፍ፣ በጋቢው ሣር ይጠርጋል። በእርሻ ጊዜ ዳጎ፣ ሌላው ደቦ የሚለውን፣ እንደምንወጣው ሆነ፤ አዛዥ ሳይኖር አንድ ላይ ተሠራ።

ሜዳው ሲጸዳ ሁሉም «በል ጥራት! ነዳጇ ሳያልቅ ጥራት!» ይላቸው ጀመር። ጋሽ ዳልኬ ግን ዘንጋቸውን አንሥተው እንደገና ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። አልሮጡም። እየወጉ፣ እያጎነበሱ፣ የቀረች ሣር እያነሡ። አውሮፕላኗ በላያችን ትዞራለች፣ እኛ እንቁነጠነጣለን፣ እሳቸው ይራመዳሉ። ጨርሰው ሲመለሱ ነው ቃላቸውን የሰጡት።

አውሮፕላኗ በሰላም ወረደች። በሯ እስኪከፈት ድረስ አያ ባሳ ወደ ጋሽ ዳልኬ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ከብት ገባ በል። ከብት የትም አገር ይገባል። በዚህ ሣር ግን በረራው ቢቀር ልጆቻችን ምን ይሉናል?» አሉ። በዙሪያው ያለነው ሁሉ ሰማን፤ ሁላችንም በልባችን «እባክዎ» አልን።

ተቆጣጣሪው ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ወርዶ ሰላም ሳይል «ለምን ከለከላችሁኝ?» አለ።

«ሣር ነበር ጌታዬ» አሉ ጋሽ ዳልኬ። «ሕዝቡ እርስዎን ለማክበር ጎዝጉዞት ነው። አስቀድሜ ማስጠንቀቅ ሲገባኝ አላደረግሁም።»

ሰውየው የተከመረውን ቄጤማ አየ። የሴቶቹን የረጠበ ቀሚስ አየ። የአያ ባሳን አንገት መድፋት አየ። ከዚያ ከንፈሩ ዳር ላይ ሣቅ መጣ። «በሄድኩበት ሁሉ ከብት ገባ ነው የሚሉኝ» አለ። «ይህን ያህል ከብት በአገሩ ያለ አይመስለኝም።» ወደ አብራሪው ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለው፣ አብራሪው «እኔ ከላይ ሆኜ ሜዳውን አላየውም፤ የማየው በእሳቸው ዓይን ነው። ዛሬ አትውረድ ያለኝ ሰው፣ ነገ ውረድ ሲለኝ እወርዳለሁ» አለ።

ሜዳውን ዞረው ለኩት፣ መረመሩት። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው «በረራው ይቀጥላል። ሣሩን ግን እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ አድርጉት» አለ። እኔ ድሀዋ በዚያ ቀን ሻይ ቤቴ እስከ ጉልበት ተጎዘጎዘልኝ። አያ ባሳ እንግዳውን ግራ፣ ጋሽ ዳልኬን ቀኝ አስቀምጠው፣ ቦይናው ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር በቀረበ ቁጥር ለጋሽ ዳልኬ ያጎርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት፣ ስንት ሕመምተኛ በዚያ ሜዳ አለፈ! የኋላ ኋላ አየር መንገዳችን አደገ፤ ትልልቅ ጄቶች ገዛ፣ ውቅያኖስ ተሻገረ። ጄት ሣር ላይ አይወርድምና የእኛ በረራ ቀረ። ብዙዎቻችን አማረርን። እሳቸው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ሠሩ፤ ሲመለሱም ምሬት ይዘው አልመጡም። «እኛ በሣር ላይ እያንደረደርን ነው ያሳደግነው፤ ሲያድግ ቢርቅ ምን ይገርማል? መንገዱን ያውቃል፣ ይመለሳል» ይሉ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ ማረፊያ መሠራት ሲጀመር ውሰጂኝ አሉኝ። ዘንጋቸውን ይዘው በባጃጅ ሄድን። አንዲት የብረት ቆብ ያደረገች ወጣት መሐንዲስ አግኝታን፣ ማን እንደነበሩ ስነግራት ራሷ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ጥቁሩን አስፋልት ረግጠው ቆሙና «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ማን ይሄድበታል?» ሲሉ ጠየቋት።

«በመኪና ይፈተሻል አባባ።»

«መኪናውን የሚነዳው ሰው ይወርዳል?»

ልጅቷ ልትሥቅ ነበር። ፊታቸውን አየችና ተወችው። «ይወርዳል አባባ። እኔ ራሴ ወርጄ አይቼ ነው የማስረክበው» አለች። ጋሽ ዳልኬ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። በመንገድ ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ደግ እጅ ላይ ነው።» በዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ እንደተኙ እትዬ አስቴር ነግረውኛል።

ጋሽ ዳልኬ፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ። ለእትዬ አስቴር አያስቡ፤ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም፣ አይጎድልበትምም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስሸኝና ስቀበል ኖሬ አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም፤ እርስዎም ያውቃሉ። አዲሱ ማረፊያ ሲከፈት ግን እሳፈራለሁ። መስኮቱን ይዤ እቀመጥና ከላይ ሆኜ የቤትዎን ጣሪያ እፈልጋለሁ። ከጎኔ የሚቀመጠው ምስኪን ማን እንደሆነ አላውቅም። ማን ይሁን ማን፣ ከሶዶ ተነሥተን አዲስ አበባ እስክንደርስ ድረስ ስለ እርስዎ እነግረዋለሁ። ቢተኛም ቀስቅሼ እነግረዋለሁ።