እጀታው በእሱ በኩል ነበር

ነሐስ ሲወለወል የሚተወው ሽታ፣ በእጅ ላብ የከረመ ሳንቲም ዓይነት፣ ከጣት ቶሎ አይለቅም። ዛሬ ጠዋት ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ባለው ቤቴ የፊት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ምንም የማይከፍት ምንም የማይዘጋ አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ባቡር የበር እጀታ ስወለውል ቆየሁ። ባለቤቴ ታምራት ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው፤ ጓደኛው አቶ መኮንን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ካቻቪቴ ይዘው መጥተው እጀታውን ሊወስዱት ነው። የባቡር ወዳጆች ማኅበራቸው በሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ከታምራት ስም ጋር ሊሰቅሉት ጠይቀውኝ፣ እኔም በለቅሶው ሰሞን፣ ሰው የሚናገረውን በማያውቅበት ሰሞን፣ እሺ ብያለሁ።

ሁለቱ የተዋወቁት በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር የባቡር ፉርጎ ሲያጸዱ ነው። ሲያትል ላይ እንደገና ከተገናኙ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኔ ተቀምጠው የድሮውን የእንግሊዝ ባቡር ሲያወድሱ፣ የማያውቃቸው ሰው ስለ ሞተች እናታቸው የሚያወሩ ይመስለው ነበር። እንጨቱ፣ ነሐሱ፣ እንደ ሶፋ የሚያሰምጠው ወንበር! እኔ አፌን ስከፍት ወሬ ይለውጡ ነበር፤ አሁን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ልጻፈው። ያ ወንበር በመዳፍ ቢመቱት የእንግሊዞቹ አያቶች የተቀመጡበትን አቧራ ያስነሣ ነበር። ማሞቂያው ባትን እየጠበሰ አናትን ያስበርዳል። በከሰል የሚሄደውን ባቡርማ የሚናፍቀው ጥላሸት የለበሰ ሸሚዝ አጥቦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ታምራት እሑድ እሑድ እንዲህ ያለውን ባቡር በነፃ ሊያገለግል ይሄድ ነበር፣ ሸሚዙን የማጥበው ግን እኔ ነበርኩ። የዛሬውን የእንግሊዝ ባቡር ደግሞ ሁሉም ሰው ያማዋል። ባለፈው ዓመት እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ተሳፈርኩበት። ወንበሩ እንደ ጣውላ ይቆረቁራል፤ ዘግይቶ ይመጣና የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ያን ያህል ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም። ግን በሩን ከውስጥ ሲጫኑት ይከፈታል። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባባ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ባቡሩ ለገሃር ሲደርስ በሩን ከውጭ የሚከፍቱት እሳቸው፣ እኛን ልጆቻቸውንም እጃችንን ይዘው አንድ በአንድ የሚያወርዱን እሳቸው ነበሩ። በቤታችን ከጸሎት ቀጥሎ የሚደገመው ሕግ፣ ባቡር ውስጥ እጅ ከመስኮት አይወጣም የሚል ነበር። አንድ ጊዜ ኤረር ጣቢያ ላይ ብርቱካን ልቀበል እጄን ባወጣ በባርኔጣቸው ጫፍ ጣቶቼን መቱኝ፤ ብርቱካኑን ግን ራሳቸው ወርደው ገዙልኝ።

እንዲህ ያደግሁ ልጅ በሃያ ዓመቴ አግብቼ እንግሊዝ ገባሁ። ብቻዬን በተሳፈርኩበት በመጀመሪያው ቀን፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ባቡሩ የምንኖርባት ትንሽ ከተማ ሲቆም ቦርሳዬን ይዤ በሩ ፊት ቆምኩ። በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። ለካ የአገሩ ልማድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንድን ወደ ውጭ ሰዶ፣ በውጭ በኩል ያለውን እጀታ ማዞር ኖሯል። እኔ ግን ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪከፍት በጨዋ ደንብ ጠበቅሁ። ሊቀበለኝ የመጣው ታምራት ከመስታወቱ ማዶ፣ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ እየሳቀ በክንዱ ያሳየኛል፦ መስኮቱን አውርጂ፣ እጅሽን አውጪ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ የአባባን ቃል እንዴት ልሻር? ፊሽካው ተነፋ። ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት፤ ከባቡሩ ጎን ለጎን እስከ መድረኩ ጫፍ ሮጠ፣ ከዚያ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

በሚቀጥለው ጣቢያ ልትሳፈር የመጣች አንዲት አሮጊት ከውጭ ከፈተችልኝ። ታምራት ከአንድ ሰዓት በኋላ በመጣው ባቡር ደረሰ።

«አባባ ከድሬዳዋ መጥተው እስኪከፍቱልሽ ነው የጠበቅሽው?»

«እጀታው'ኮ በአንተ በኩል ነበር! ለምን አልከፈትክልኝም?»

«እንድትለምጂ ብዬ ነዋ።»

በዚህ ነገር ሠላሳ አራት ዓመት ተጨቃጨቅን፤ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር። እነዚያ ፉርጎዎች ከአገልግሎት ሲወጡ አንዱን እጀታ ከብረት ነጋዴ ገዛና፣ ሲያትል ድረስ በሻንጣ ይዞት መጥቶ፣ በራችን ላይ በውስጥ በኩል በብሎን አስሮ ጠራኝ። «ይኸው፣ በአንቺ በኩል አደረግሁልሽ። አሁንስ ታርፊያለሽ?» አላረፍኩም። አጣሞ ነበር ያሰረው።

«ጽጌ፣ ፓርኪንግ አጥቼ ነው የዘገየሁት፤ ክፈቺልኝ እንጂ!» አሉ አቶ መኮንን ከደጅ።

ከፈትኩላቸው። መጻሕፍቱንና ፎቶዎቹን በካርቶን አዘጋጅቼ ነበር። ካቻቪቴውን ሲያወጡ ግን እጄ ቀድሞኝ እጀታውን ሸፈነው።

«ካርቶኑን ይውሰዱ፣ አቶ መኮንን። ይኼ ይቅር።»

«ምን ያደርግልሻል? ያንን በር ስታሚ አይደል እንዴ የኖርሽው?»

«ገና አልጨረስኩም።»

ካቻቪቴውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ፤ ካርቶኑን ተሸክመው ሄዱ። ትናንት ሲያትል ውስጥ ማውንት ቤከር በሚባለው የከተማ ባቡር ጣቢያ ስወርድ የባቡሩ በሮች ማንም ሳይነካቸው ተከፍተው ነበር። ዕድሜ ልኬን የተከራከርኩለት በር ይኸው ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ ግን እየሳቀ የሚቆም የለም። አቶ መኮንንን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ያን ጠማማ እጀታ ያዝኩት። ማዞሩን ይዞራል። ታምራት ከማዶ ሆኖ ዛሬም አልከፈተልኝም፤ እንድለምድ ብሎ ነዋ።