መሬትም ትንቀሳቀሳለች

ወልደሩፋኤል ጅግጅጋ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። እኔ ካፊያ ደግሞ ከጎኑ ባለው ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የእሱንም ትምህርት ሳልወድ በግዴ ተምሬአለሁ። እንደ እሱ ያለ ግትር ሰው ወላሂ አላየሁም።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታወክ ባለቤቱ እናትአለም ልጃቸውን ቤዛን ይዛ አሰላ እናቷ ቤት ገባች። ነገሩ ሲረጋጋ «ተመለሺ» አላት። እሷ ግን «ልቤ እምቢ አለኝ፣ አንተ ና» አለችው። ዝውውር መጠየቅ ይችል ነበር። «ቤቴ እዚህ ነው፣ ትመጣለች» እያለ እልህ ተጋቡ፤ ይደውላል፣ አይሄድም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ትዳሩ እንዳይፈርስ ከእሱ ይልቅ እኔ እሰጋ ነበር።

ዘንድሮ ስለ ጨረቃ ሲያስተምር ሀብሀብና ብርቱካን ይዞ ገባ። ሀብሀቡ መሬት፣ ብርቱካኑ ጨረቃ መሆኑ ነው፤ የመሬትን ወርድ ለመሙላት አራት ያህል ጨረቃ ጎን ለጎን መደርደር አለበት። ከዚያ ብርቱካኑን ይዞ እስከ ክፍሉ ጫፍ ሄደና «ርቀታቸው ይህን ያህል ነው» አለ። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት ጥንት አንድ ትልቅ አካል መሬትን ገጭቷት፣ የተበተነው ፍርስራሽ ተሰባስቦ ጨረቃ ሆነ። እዚያ የቆመ ሰው ክብደቱ እዚህ ካለው አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው።

«ማን ማንን የበለጠ ይስባል?» ሲል ተማሪው ሁሉ «መሬት!» ብሎ ጮኸ።

«ተሳሳታችሁ። እኩል ነው የሚሳሳቡት። ጨረቃ ቀላል ስለሆነች ግን እሷ ትዞራለች።»

በእረፍት ሰዓት ይህንኑ ለሚስቱ በስልክ ነገራት። የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ስለሚያወራ መምህራኑ ሁሉ ሰማን።

«አየሽ፣ እኔም እኩል እየተሳብኩ ነው» አላት።

«መዞሩ ግን ለእኔ ደረሰኝ?» አለች። «ቆይ፣ መሬትስ ንቅንቅ አትልም?»

መሬትም ጨረቃም የሚዞሩት የጋራ ማዕከላቸውን እንደሆነ ያውቃል፤ ራሱ አስተምሮታል።

«ትንሽ ትንቀሳቀሳለች» አለ በመጨረሻ። ስልኩ ተዘጋ።

እኔ አልቻልኩም። «አንተ ሰውዬ፣ ሂድ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

ለሴሚስተር እረፍት አሰላ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። እንደነገረኝ ቤዛ ቁመቷ ትከሻው ደርሷል። እናትአለም በደንብ ተቀበለችው፣ አበላችው፤ ሲመሽ ሶፋው ላይ አንሶላ አነጠፈችለት።

«ስለ ዝውውሩስ አልነገርካትም?» አልኩት።

«ነገርኳት። ነገውኑ አመለክታለሁ አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹አሁን ለማን ብለህ?› አለችኝ።»