መርፌና አከራይዋ በአንድ ሰልፍ

ሰፈሩ «መርፌ» የሚላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፣ ከተናገረችም ትወጋለች። የምትኖረው ከጡረተኛ አባቷ ጋር፣ ከአንዲት ሴትዮ ቤት ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበር። ክፍሏን መጋረጃ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከወዲህ የአባቷ አልጋ፣ ከወዲያ የስፌት መኪናዋና ፍራሿ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህም መሪውን የለቀቁ አይመስሉም። መርፌ ጨርቅ ታቅፋ በአጠገባቸው ስታልፍ «ቀስ! ኩርባ ነው!» ይሏታል።

አከራይዋን ሁለቱም ይፈሯቸዋል። ሳያንኳኩ በሩን በርግደው ይገባሉ። ጣራው አፍስሶ የደንበኛ ቀሚስ ሲያበላሽ «ባልዲ ግዢ» ብለው አረፉት። አንድ ቀን ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ወሩ ሲያልቅ ልቀቁልኝ። የእህቴ ልጅ ሊያገባ ነው፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አሉና ውልቅ አሉ።

መርፌ ያን ቀን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ሙሽራይቱ ለልክ መጥታ ጉዱን ስታይ ከመቆጣት ይልቅ «ምን ሆነሻል?» አለቻት። ነገሩን ከሰማች በኋላም፣ «የቤቶች ጽሕፈት ቤት እኮ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በትንሽ ኪራይ ቤት ይሰጣል። አመልክቺ! የተከራይ መብትም እዚያው ያስረዱሻል» አለቻት።

«የተከራይ ምን?»

«መብት!»

«ኧረ እኔ የማውቀው የተከራይ ግዴታ ነው!»

በማግስቱ አባቷን አስከትላ ሄደች። ሰልፉ ከአዳራሹ ተርፎ ደረጃውን ይዞ ወርዷል። አባቷ ገና ሲያዩት ፊታቸው ፈካ። በጎን ሊገባ የሞከረውን አንድ ጎረምሳ «ተራህን! ቀይ መብራት ነው!» ብለው ሲያስቆሙት ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ስታስረዳ ድምጿ የሰለለ ወጣት ናት። ማመልከቻውን እየጠየቀች ሞላችላቸው። «ሁለት አዋቂ በአንድ ክፍል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት… ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ናችሁ። ግን ወራት ይፈጃል።»

«እኛን እኮ በዚህ ወር ሊያስወጡን ነው!» አለች መርፌ።

«በጽሑፍ ሰጧችሁ?»

«ኧረ ደጃፍ ላይ ቆመው ነው የነገሩን።»

«በቃል ማስወጣት የለም። በጽሑፍ ነው፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶ። እስከዚያ ማንም ከቤታችሁ አይነቀንቃችሁም።»

መርፌ የመስኮቱን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። «ጣራ ቢያፈስስ?»

«ማስጠገን የአከራይ ነው።»

«ሳያንኳኩ መግባትስ?»

«አይቻልም። አስቀድመው መንገር አለባቸው።»

ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ አላስቻላትም፤ ለቀቀችው። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ሌላስ? ሌላም መብት አለኝ?» ስትል፣ ከኋላዋ አንድ ድምፅ ጣልቃ ገባ።

«ቆይ፣ እኔም ልጠይቅ። ባለቤቱ ሊሸጠው ቢሆንስ? ያኔም በቃል ማስወጣት አይችልም?»

መርፌ ዞረች። ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው የቆሙት አከራይዋ ናቸው።

«እትዬ! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሴትዮዋ ሻርፓቸውን አወረዱ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቤቱ የባሌ ወንድም ነው። እኔም ተከራይ ነኝ። ሊሸጠው ነው፤ ውጪ ብሎኛል። ይህን መናገር አፍሬ ነው እንጂ፣ የሚያገባ የእህት ልጅም የለኝ።» ትንሽ አሰቡና «እህትም የለኝም» ብለው ጨመሩ።

አባቷ ከት ብለው ሳቁ። «ጉድ እኮ ነው! ከኋላ የገጨችን የገዛ አከራያችን ናት!»

ሴትዮዋም በዚያው ተመዘገቡ፤ ሦስቱም አብረው ተመለሱ። ግቢው ሲደርሱ ሴትዮዋ የመርፌን ወለል ብሎ የተከፈተ በር አንኳኩ።

«ማነው?» አለች መርፌ ፊት ለፊታቸው ቆማ።

«እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ነገ ልመጣ ነው።»

ሁለቱም በሩ ላይ ተደጋግፈው በሳቅ ሞቱ።

ብዙም ሳይቆይ የባል ወንድም መጣና ግቢው መሐል ቆሞ «ዛሬ ነው የምትወጡት!» ብሎ ደነፋ። ሴቶቹ በአንድ አፍ «በጽሑፍ!» አሉት። ግራ ገብቶት «ምን?» ሲል፣ አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ «በጽሑፍ! በቂ ጊዜ ተሰጥቶ!» ብለው አከሉበት። ሰውየው ሊከሳቸው ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄደ። ሲመለስ ድምፁ ጠፍቷል፤ ለጣራው አናጢ ይዞ ነበር። ገዢ ስላጣም ውሎ አድሮ ለሴትዮዋ የኪራይ ውል ፈረመላቸው።

ክረምቱ አልፎ፣ መርፌ የአንድ ወፍራም ደንበኛ ሱሪ እያሳጠረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ያቺ ድምጿ የሰለለው የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ናት። «ቤት ደርሷችኋል። ሁለት መኝታ፣ ምድር ቤት።» መርፌ አፏን ሙሉ ስፒል ነክሳለችና «እምም! እምምም!» ከማለት በቀር መናገር አቃታት።

«ምነው፣ ደስ አላላችሁም እንዴ?»

ስፒሉን ጨርቁ ላይ ትፍት አድርጋ እልል ስትል፣ ደንበኛው እሳት የተነሣ መስሎት አንዱ እግሩ አጥሮ አንዱ እንደተንዘረፈፈ ግቢው መሐል ተገኘ። ነገሩ ሲገባውም ከነሱሪው አብሮ ጨፈረ።

ዕቃ የተጓጓዘው በእጅ ጋሪ ነው። መርፌና ሴትዮዋ ሲገፉ፣ አባቷ ከፊት ከፊት እየሄዱ «ወደ ቀኝ! ቀኝ! ቁም!» ይላሉ። አዲሱ ቤት ባዶ ነበር፤ የቀለም ሽታ ብቻ። መርፌ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሮጠች «አባዬ!» ትላለች። እሳቸውም ከወጥ ቤቱ «አቤት!» ይላሉ። ደግማ ትጠራለች፣ ደግመው አቤት ይላሉ። ሴትዮዋ ደግሞ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍተውት ሻርፓቸው እስኪበሰብስ ተረጭተው ይስቃሉ።

በመስኮቱ በኩል የአንዲት ጎረቤት ጭንቅላት ብቅ አለ። «ደግሳችኋል እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለንም! ወንበር እንኳን የለንም!» አለች መርፌ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሳቅ?»

«ግቢና ንገሪን፣» አሉ አባቷ፣ «እኛም አላወቅነውም።»