እንቁላሏን ይዛ የወጣችው ሮኬት

ልጄ የሮኬት ክለብ መግባቷን የነገረችኝ መኪና ውስጥ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሊቶኒያ ወዳለው ቤታችን እየተመለስን ሳለ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ማሚ፣ ሮኬት ክለብ ጆይን አደረግኩ» አለችኝ። ልጄ ዝምተኛ ናት። መልሱን እያወቀች እንኳ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም ብለው አስተማሪዎቿ በየዓመቱ ይነግሩኝ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀድሞ የመጣብኝ ግን ፍርሃት ነው።

«እሳት አለው?»

«ላይክ፣ ትንሽ አለው።»

«ትንሽ እሳት የሚባል ነገር የለም!»

«ማሚ፣ ቲቸሩ አብሮን አለ። መነጽር እናደርጋለን። ራቅ ብለን ነው የምንቆመው።»

እኔ የትምህርት ቤት ባስ ነጂ ነኝ። የሰው ልጅ ተረክቤ የማስረክብ ሰው ስለሆንኩ ከሁሉ በፊት አደጋው ነው የሚታየኝ። ቢሆንም ድምጿ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ጉጉት ስለነበር ፈቀድኩላት።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነበር። ልጆቹ ከካርቶን ቱቦ ሮኬት ይሠራሉ፤ አናቷ ላይ ጥሬ እንቁላል ይጭናሉ፤ ሮኬቷ ሰማይ ወጥታ በፓራሹት ትመለሳለች። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ሲወዳደሩ፣ እንቁላሏ ሳይሰበር ከሁሉ ከፍ ብላ የወጣችው ታሸንፋለች። አንዱ ልጅ ክንፎቹን፣ ሌላው የእንቁላሉን ማስቀመጫ ሲይዝ ፓራሹቱ የልጄ ድርሻ ሆነ።

ያን ሰሞን አባቴ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ሳይገባቸው «እሺ» ብለው አያልፉም። ሳሎኑ በካርቶንና በሙጫ ተሞልቶ ሲያዩ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ይህን ነገር ወደ ላይ የሚያወጣው ማነው?»

ልጄ ተነሥታ ከኩሽናው በር እጀታ እስከ መስኮቱ ክር ወጠረች። ክሩ ላይ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አስገብታ የተነፋ ፊኛ በፕላስተር ለጠፈችበት። ስትለቀው ፊኛው እየጮኸ ክሩን ይዞ በረረና መስኮቱን መታ። አባቴ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ።

«አየህ አባባ? አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይሄዳል። ሮኬትም ሴም ቲንግ ነው። ጋዙ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ።»

«‹አዩ› በይ እንጂ» አልኳት።

«ተያት» አሉኝ አባቴ። «ትምህርት ላይ ነን።» ወደ እሷ ዞረውም፣ «ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻን ወደ ኋላ እንደሚገፋው ማለት ነው?» አሏት።

«የስ! ልክ እንደሱ!»

«ታዲያ እዚያ ላይ አየር የለም ይላሉ። አየር ከሌለ ምኑን ተደግፋ ትሄዳለች?»

ልጄ ትንሽ አሰበች። «አየሩን አይደለም የምትገፋው። የራሷን ጋዝ ነው። እሷ ጋዙን ትገፋዋለች፣ ጋዙ ደግሞ እሷን መልሶ ይገፋታል። ስለዚህ ምንም በሌለበትም ትሄዳለች።»

አባቴ ጺማቸውን ዳበሱ። በኋላ «ማሻአላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር፤ ውሃውን ዘጋሁት። ልጄ በአማርኛ ያን ያህል ስታወራ የሰማሁት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተደረገ። ሮኬቷ ፉጨት እያሰማች ወጣች፤ ወላጆች ሁሉ አጨበጨብን። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙራ እንደ ድንጋይ ወረደች። ፓራሹቱ አልተከፈተም። ስንደርስ ሣሩ ላይ የእንቁላሉ አስኳል ፈስሶ፣ ቱቦው ተጨራምቶ አገኘነው። ከቡድኑ አንዷ ልጅ፣ «ፓራሹቱን ያጠፈችው እሷ ናት» አለች። አስተማሪው፣ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፣ «ሮኬት የቡድን ነው፤ ሲወጣም ሲወድቅም» ብሎ ዝም አሰኛት። የልጄ ፊት ግን ጠቁሯል።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ተንበርክካ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመችና በፌስታል ይዛ ቤት ገባች። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው ስታገላብጥ ቆይታ ጠራችኝ።

«ማሚ፣ ነይ እዪ። ቀልጧል።»

እውነትም የፓራሹቱ ፕላስቲክ ጠርዝ ተጣብቆ ነበር። ሞተሩ ነዶ ሲያበቃ ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያስወጣ ትኩስ ጋዝ ይለቃል። በመሃላቸው እሳት የማይዘው ወረቀት ይጠቀጠቃል፤ እነሱ ያደረጉት ወረቀት ትንሽ ነበር፣ ፓራሹቱም ከልክ በላይ ተጠቅልሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ቡድኑ አዲስ ሮኬት ሲሠራ ልጄ አዲሱን ብርቱካናማ ፓራሹት እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር እየነሰነሰች ታጥፈዋለች፣ ላላ አድርጋ ትጠቀልለዋለች፣ ከፎቁ ደረጃ አናት ላይ ቆማ ትለቀዋለች። አባቴ ከታች ሆነው፣ «ተከፈተ!» ወይም «አልተከፈተም፣ ድገሚው!» ይላሉ። ደረጃው በፓውደር ነጭ ሆነ። እኔም እየጠረግኩ አጉረመርማለሁ፤ ግን አንድም ቀን አቁሙ አላልኩም።

የውድድሩ ቀን ልጆቹን በባስ ይዤ የሄድኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ቦታው ከከተማው በስተደቡብ ያለ ሰፊ የእርሻ ሜዳ ነው። አባቴም ተፈቅዶላቸው ከፊት ወንበር ተቀመጡና መንገዱን ሙሉ ዱዓ ሲያደርጉ ደረስን።

ሜዳው ላይ ነፋስ ነበር። ከማሪዬታ ከተማ የመጡ ልጆች ያስወነጨፏት ሮኬት አምራ ወጣች፣ ፓራሹቷም ተከፈተ፤ ነፋሱ ግን እየገፋ ወስዶ ከጥዶቹ አናት ላይ ሰቀላት። ልጆቹ አንጋጠው ሲያዩ አንጀቴን በሉት። ልጄም ወደ ዛፎቹ አየች፣ ወደ ነፋሱ ዞረች፣ ከዚያ መቀስ ጠየቀች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት የቡድኗ ልጅ።

«መሃሉን ልቀደው ነው።»

«አር ዩ ክሬዚ? እስካሁን የለፋነው ምን ሊሆን ነው?»

ዝምተኛዋ ልጄ ድምጿን ከፍ አደረገች። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ካለ አየሩ በዚያ ያልፋል፤ ሮኬቷ ፈጠን ብላ ትወርዳለች፤ ነፋሱ ሩቅ ለመውሰድ ጊዜ አያገኝም። ፈጥና ስለምትወርድም እንቁላሉ ዙሪያ ስፖንጅ እንጨምራለን አለች። ሁሉም ወደ አስተማሪው ዞሩ። እሱ እጁን አጣጥፎ፣ «ውሳኔው የእናንተ ነው» አላቸው። ተያዩ። ያቺ በሙከራው ቀን የወቀሰቻት ልጅ መቀሱን አንሥታ ሰጠቻት።

ልጄ የሂጃቧን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገብታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ የማስወንጨፊያው ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች። አባቴ «ቢስሚላህ በይ!» ብለው ከሩቅ ጮኹ። ልጆቹ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ሮኬቷ ተስፈንጥራ ወጣች፤ ነጭ ጭስ ብቻ ቀረ። አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጠጥኩ፣ ምንም አይታየኝም። ከዚያ ሰማዩ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ፈነዳች።

«ተከፈተ!» አሉ አባቴ፣ በአማርኛ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ። አጠገባችን የነበሩት አሜሪካኖች ቃሉን ሳያውቁት ገባቸውና አብረው ጮኹ።

ሮኬቷ እየተወዛወዘች መጥታ ከሜዳው ሳትወጣ ሣሩ ላይ አረፈች። ልጆቹ ሮጡ። ዳኛዋ ክዳኑን ከፍታ፣ ስፖንጁን አውጥታ፣ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንሥታ አገላበጠችው። ስንጥቅ አልነበረበትም። እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ እልል ማለቴን ያወቅኩት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

አንደኛ አልወጡም፤ ከእነሱ ከፍ ብላ የወጣች ሮኬት ነበረች። ዳኛዋ ግን የሁለተኛነቱን ሽልማት ስትሰጣቸው፣ «ቀዳዳውን ያሰበው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ጓደኞቿ ልጄን ወደ ፊት ገፏት። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማይክ ይዛ፣ ስለ ነፋሱና ስለ አየሩ በእንግሊዝኛ አስረዳች። ቀዳዳውንም በጣቷ አሳየች። አባቴ አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ሆኖም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየኋቸው። እኔም ኮርቼ ደረቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አሁን ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትንንሽ የሐበሻ ልጆችን ሮኬት ታስተምራለች። እነሱ እሳት አይነኩም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርገው በብስክሌት ፓምፕ አየር ሞልተው ያስወነጭፉታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ያመጣል፤ እኔ በረድፍ አቆማቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጠየቀቻት።

«ጨረቃ ሩቅ ነው?»

«በሮኬት ሦስት ቀን ምናምን ይፈጃል።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ምን ይበላሉ?»

«የደረቀ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ። ውሃ ጨምረው ይበሉታል።»

ልጅቷ አሰላሰለችና፣ «እሺ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች። ልጄ ሳትስቅ፣ «መጀመሪያ ፓምፑን ያዢ» ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ኃይሏ መንፋት ጀመረች።