የጋሽ ሙላቱን ብረት ይዤ ከሚዛን ወደ ቴፒ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሚዛን ተፈሪ

መናኸሪያው ስደርስ ጭጋጉ ገና ከጣሪያዎቹ ላይ አልተነሳም። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶታል፤ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ይመጣሉ፣ ሰው አራግፈው ይመለሳሉ። እኔ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት ታቅፌ ቆሜያለሁ። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ሁለት ቀን እንደ አራስ ልጅ ስንከባከበው መጥቻለሁ።

የሚኒባሱ ሾፌር ጆንያውን ገለጥ አድርጎ አየው።

"ምንድን ነው?"

"ቅርጻ ቅርጽ ነው።"

"የምን ቅርጽ?"

"የምንም አይደለም። ረቂቅ ነው።"

"የምንም ካልሆነ እግርህ ሥር አድርገው" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ብረቱ የመምህሬ የጋሽ ሙላቱ ሥራ ነው። ጋሽ ሙላቱ ባለፈው ክረምት አረፈ። ሥራዎቹን በሙሉ ለምናስተምርበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲናዘዝ፣ ይህን አንዱን ብቻ "ቴፒ ላለችው እህቴ" ብሎ ለየው። የለየው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፦ እህቱ ብረቱን በፈቃዳቸው ለትምህርት ቤቱ መልሰው እንደሰጡ የሚገልጽ፣ ፊርማ ብቻ የጎደለው። የሥራ ባልደረቦቼ "አደራ ሊያደርስ ሄደ" ብለው አመስግነውኛል። እኔ ግን የሄድኩት ይዤው ልመለስ ነው።

2 ሰዓት ተኩል፣ ሸኮ

መንገዱ ይጠማዘዛል። ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ በየደጁ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ የቡና እሸት። ሸኮ ላይ ስንቆም የሙዝ ዘለላዎች በየመስኮቱ ይገባሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ሐሊማ ከጅማ በኩል መጥተው ቴፒ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ጆንያው ተንሸራቶ ብረቱ ሲታይ፣ አሁን የገዙትን የቃሪያ ፌስታል በሁለቱ የጎበጡ ላሜራዎች መሃል ሸጎጥ አደረጉት።

"ይቅርታ፣ እዚያ ምንም አይቀመጥም" አልኳቸው።

"ባዶ መስሎኝ ነው።"

"ባዶ አይደለም። ክፍተቱ የሥራው ግማሽ ነው።"

ሴትዮዋ በትሕትና ቃሪያቸውን አወጡ። እኔ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን አንበለበልኩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ ብዙ ቀራጮች የሰው ምስል መቅረጽ እንደተዉ፣ ድንጋይ መጥረቡን ትተው ብረት መቁረጥና መበየድ እንደያዙ፣ ብረቱ ብረትነቱን እንጂ ሌላ ነገር እንደማያወራ፣ አየሩ ራሱ እንደ ሸክላ ጭቃ ቅርጽ የሚሠራበት እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሰውን ለምን ተዉት?" አሉኝ።

"በሰው ላይ የደረሰውን ስላዩ ይሆናል።"

"እንዲያማ ከሆነ ስለ ሰው ነው የሚያወሩት" አሉና ሙዛቸውን መላጥ ጀመሩ። ግማሹን ሰጡኝ። ተቀበልኩና ጆንያውን መልሼ ብረቱ ላይ ሸፈንኩ።

5 ሰዓት፣ ቴፒ

ቴፒ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ባጃጅ ይዤ ከጋሽ ሙላቱ እህት ከእትዬ ወርቅነሽ ቤት ደረስኩ። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ አሮጊት ናቸው። ወንድማቸው በወጣትነቱ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ለሰርግም ለለቅሶም ገንዘብ ይልካል እንጂ ራሱ መጥቶ አያውቅም።

በረንዳው ላይ ጆንያውን ፈታሁ። "ሁለት ሜትር ያህል ዙሪያውን ነጻ ቦታ፣ ነጭ ግድግዳ ያስፈልገዋል" ስል የሚከብዳቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

እትዬ ወርቅነሽ አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው በላሜራው ላይ በረድፍ የወጡትን ትንንሽ ጥርሶች አዩ። እጃቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉና ሳይነኩት መለሱት።

"የቡና መፈልፈያ ነው" አሉ።

"ላሜራውን እኮ አዲስ አበባ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ብረት ሻጮች ሄደን ነው የገዛነው" አልኳቸው። "ስንት ጊዜ ፈልጎ ነው ያገኘው። ሸካራነቱን ወዶት ነው።"

"ሸካራነቱን?" ቀና ብለው አዩኝ። "አባታችን ለአንድ ባለ ቡና ነበር የሚሠራው። መፈልፈያው በእጅ ይዞር ነበር። አንድ ቀን እሸት ሲያጎርሰው ጣቶቹን ያዘበት። ሦስቱ ተቆረጡ። መዘውሩን ያዞር የነበረው ሙላቱ ነው።"

ይህን ብረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አሳይቻቸዋለሁ። "ታሪክ አትፈልጉበት" እያልኩ።

"አባቴ አንድም ቀን አልተቆጣውም" አሉ። "'ልጅ ነው፣ መች አየ' ነበር የሚለው። ሙላቱ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። በዓመቱ ጠፋ።"

ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ አሳፋሪ ሰው ነኝና፣ ወረቀቱን አወጣሁ። ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡት ተማሪዎች ይማሩበታል አልኳቸው። እትዬ ወርቅነሽ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"አብረኸው ስንት ዓመት ሠራህ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ስለ አባታችን ነግሮህ ያውቃል?"

አዎ ብላቸው ደስ በሰኘኝ። ሁልጊዜ ያነሳቸው ነበር ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም" አልኩ።

እትዬ ወርቅነሽ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"እንዲያ ከሆነ አልረሳም ማለት ነው።"

ወረቀቱን ሳይፈርሙ አጥፈው መለሱልኝ። ብረቱን ላግዝዎ ስላቸው እንቢ ብለው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውት ወደ ቤት ገቡ።