ጠላ የሸተተው ምንጭ

ጉድጓዴ አይሞላም ነበር። የሰው ሁሉ በሁለት ዓመቱ ጢም ብሎ አፍንጫ ሲያስይዝ፣ የእኔ የሰጡትን እየዋጠ ዝም ነው። ስለ ሽንት ቤት ነው የማወራው። የሚያፍር ካለ ገጹን ይለፈው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ ወረቀት ላይ ምን እንደሚታፈር ያስተማረኝ የለም።

ነገሩ በዘመቻ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በዘመቻ ነበር፤ እርከኑ በዘመቻ፣ ችግኙ በዘመቻ፣ ስብሰባው ራሱ በዘመቻ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥተው እያንዳንዱ አባወራ ሽንት ቤት ይቆፍር አሉ። የመንደሩ ሰው አጉረመረመ። ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ አባቶቻችን ያልተቸገሩበትን እኛ ምን ብለን ቤት እንሥራለት ተባለ። እኔም ልክ እንደዚያው ነበር ያሰብሁት። ነገር ግን የመንደሩ ሰው በሙሉ እምቢ ማለቱን ስሰማ ለመቆፈር ቆረጥሁ። ከሰው ጋር ጥሩ አልነበርሁም። ዛሬም ያን ያህል አይደለሁ።

አገራችን ድንጋይ ነው። አንድ ክንድ አፈር ያገኘ ሰው እግዜር ወዶታል። ሌሎቹ በኋላ ተገደው ሲቆፍሩ ዲጂኖ እየተጣመመባቸው ከወገብ ሳያልፉ ቀሩ። እኔ ግን ከቤቴ ጀርባ ወደ ላይ፣ ጥቁሩ ዓለት ለሁለት የተሰነጠቀበትን ቦታ አውቅ ነበር። ክረምት ክረምት ጎርፉ እዚያ ገብቶ ሲጠፋ አያለሁ። የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። የገባ ገባ ነው። ስንጥቁን ጥቂት አሰፋሁት፣ እንጨት ረበረብሁበት፣ ግድግዳ አቆምሁ፣ ቆርቆሮ አለበስሁት። ቤቴ የጓሳ ሳር ክዳን ነው፤ ሽንት ቤቴ ግን ቆርቆሮ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምታበራው እሱን ነበር።

ለዚህ በስብሰባ ፊት የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተም ያለበት። ማንበብ ስለማልችል «ሞዴል አርሶ አደር» ይላል ብዬ ለራሴ ወስኜ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ቤቴ ለገባ ሁሉ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድሁ አነበብሁለት።

የምንጠጣው ምንጭ ከእኔ ቤት ቁልቁል፣ ገደሉ ወገብ ላይ ከዓለት ሥር ይፈልቃል። ውሃው ሰዎች በጠረቡት የድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል። በጋ ከእሱ ሌላ ውሃ የለንም። ሌላው ቆላ ወርዶ ነው፤ አህያ ይዞ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሽንት ቤቴ ከላይ፣ ምንጩ ከታች። ይህን አሁን ስጽፈው ሕፃን እንኳ የሚያየው ነገር ነው። ያኔ ከመንደሩ ያየው አልነበረም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በየቤቱ የሆድ ቁርጠት በዝቶ ነበር። እኔ በበኩሌ ያቺ የጤና ሠራተኛ ስለ በሽታ እያወራች ጠርታ አመጣችብን እል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የጥር ሚካኤል የጽዋ ማኅበር ተራ እኔ ላይ ወደቀ። ጥር ዐሥራ ሁለት ማለት ነው፤ የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ የሚከበርበት ዕለት። ሚስቴ ሁለት ጋን ጠላ ጠመቀች። አሻሮውን ስትቆላ እኔ አጠገቧ ቆሜ ገብሱን አበዛሽው እያልሁ ተከራከርኋት። እሷም መልስ ስትሰጠኝ አሻሮው አረረ። አሻሮው ያረረ ጠላ ጭስ ጭስ ይላል። በዚያ ላይ ኮመጠጠ። እኛ ዘንድ ለማኅበር የኮመጠጠ ጠላ ያቀረበ ሰው ሲሞት እንኳ ለቀስተኛው ያነሣበታል።

ጋኖቹ ተሰነጠቁ እንበል ተባባልን። ጥር ዐሥር ከቀትር በኋላ መንደሩ በሙሉ ታቦት አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደ። እኔ በግ ታመመብኝ ብዬ ቀረሁ። በጉ ጤነኛ ነበር፤ ሲያየኝ ነው የዋለው። ጠላውን በእንስራ እየቀዳሁ ሽቅብ አመላለስሁና ስንጥቁ ውስጥ ደፋሁት። ሁለት ጋን ሙሉ። ዋጠው። «ጎሽ የኔ ልጅ!» አልሁት። ከዚያ የአሮጌ ጋን ገል ፈልጌ ደጃፌ ላይ ለምስክርነት በተንሁ። በማግስቱም ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ወርጄ ጋኖቹ ተሰነጠቁ ብዬ ለማኅበሩ ተናገርሁ።

ሁለት ቀን ወደ ምንጩ የወረደ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጥምቀት ላይ ነው። በዐሥራ ሁለት ታቦቱ ገባ፤ ሲዘፍንና ሲዘምር የሰነበተው ሕዝብ ጉሮሮው ደርቆ ወደ ምንጩ ጎረፈ። ቀድመው የደረሱት የማኅበራችን ሙሴ ናቸው። የጽዋ ማኅበር አለቃ እኛ ዘንድ ሙሴ ነው የሚባለው። ሽማግሌ ናቸው፤ ጠላ ይወዳሉ፤ ጋኑ ተሰነጠቀ ከተባለ ጀምሮ ሰላምታዬን በአፍንጫቸው ነበር የሚመልሱት።

በቅል ቀድተው ጠጡ። ደግመው ጠጡ። ቅሉን ይዘው ዓለቱን ሽቅብ አዩት።

«ጠላ ነው» አሉ።

ሰው ሳቀ። አምሮታቸው ነው አለ። ቀጥሎ አንዱ ቀመሰ፣ ሌላው ቀመሰ። ገንዳው አረፋ አረፋ ይላል፣ ቀለሙም ዳለቻ ሆኗል። አንዲት ሴት ዛሬ ምን ቀን ነው ብላ ጠየቀች። ቃና ነው አሏት። ከዚያ በኋላማ እልልታው ገደሉን አናወጠው። ውሃ ወይን በሆነበት ዕለት የእኛ ውሃ ጠላ ሆነ። ለታመመ ዘመድ የሚወስድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ተሰለፈ። ሁለት ሰዎች ተራ አልፈሃል ብለው ተያያዙ። ሙሴው አምስተኛውን ቅል ጨልጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ አንተ፣ ቅዱስ ሚካኤል ንፍገትህን አይቶ ራሱ ደገሰልን።»

ሰው ሁሉ በእኔ ሳቀ። እኔም ተናድጄ አንድ ቅል ጠጣሁ። ጭስ ጭስ አለኝ። የማውቀው ጭስ ነው።

ሚስቴ እንስራዋን አዝላ ደረሰች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ ጎን ጎተተችኝ።

«የኔ ጠላ ነው። የት ነው የደፋኸው?»

«ጉድጓዱ ውስጥ ነዋ። የት ልድፋው?»

ወደ ላይ አየች፣ ወደ ቆርቆሮው። ከዚያ ወደ ገንዳው።

«ጠላው እዚህ ከመጣ» አለችኝ፣ «ሌላውስ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ። በወታደር ተጠይቄያለሁ፣ በግብር ሰብሳቢ ተጠይቄያለሁ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። ሙሴው ስድስተኛውን እየቀዱ ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ልዋሽ አልፈልግም፣ ዝም ልል አስቤያለሁ። ከተናገርሁ ሽንት ቤቴም፣ ወረቀቴም፣ ስሜም ገደል ገባ። ካልተናገርሁ ይኼ ሁሉ ሕዝብ፣ ሚስቴ ጭምር፣ እኔን ሲጠጣ ይኖራል። ከሕዝቡ ግማሹን አልወደውም ነበር፤ ለእነሱ ሲሆን ነገሩ ያን ያህል አልከበደኝም። ወዲያው የነፍስ አባቴ መጡ።

ቄሱ ልብሰ ተክህኗቸውን አኑረው የመጡ ናቸው። ባርኩልን፣ ጸበል ፈለቀ ተባሉ። ጠጋ ብለው አሸተቱ። በእጃቸው ጥቂት ቀድተው ቀመሱና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ የቃናው ወይን ከመጀመሪያው ይልቅ የኋለኛው ጣፈጠ ነው የሚለው መጽሐፉ። ይኼ ኮምጧል። ጌታ የኮመጠጠ አይሠራም። የማን ጋን ነው?»

ሙሴው እኔ አልኮመጠጠኝም አሉ። ለርስዎ ምን ይኮመጥጣል ተባሉ። ቄሱ እስኪ ልድገመው ብለው እንደገና ሲጎነበሱ አላስቻለኝም። ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቁ ሰው፣ ይኼን ደግሞ ሊጠጡት።

«አባቴ፣ አይጠጡ። ጠላው የኔ ነው።»

«ጋኑ አልተሰነጠቀም?»

«አልተሰነጠቀም።»

«የት ደፋኸው?»

በዱላዬ ወደ ላይ አመለከትሁ። ሕዝቡ ዱላዬን ተከትሎ ቀና አለ። ቆርቆሮዬ በቀትር ፀሐይ እንደ መስተዋት ያበራል። ከዚያ መትፋት ተጀመረ። እልል ያሉት ቀድመው ተፉ። ለተራ የተያያዙት ሁለቱ ጠርሙሱን እንካ አንተ ውሰደው ተባባሉ። ሙሴው ቅሉን ቀስ ብለው መሬት አኖሩና ያ ቤት ከተሠራ ስንት ዓመቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሦስተኛው ነው አልሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠጡትን በልባቸው ሲያስቡ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

በሳምንቱ ከወረዳ የውሃ ባለሙያ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ የማይፈራ። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እሷ ግን ማስታወሻዋን አውጥታ ስንት ጋን ነበር፣ በስንት ሰዓት ደፉት፣ መቼ ሸተተ እያለች ጻፈች። በከተማ ውሃው በየት እንደሚሄድ ለማወቅ ቀለም ይደፋል አለችኝ። እኛ ቀለም ጠይቀን እስኪመጣ ዓመት እንጠብቃለን፣ እርስዎ በጠላ ጨረሱት አለች። ከመንደሩ ያመሰገነኝ ስላልነበረ ሌላም ካስፈለገ ልደፋ እችላለሁ አልኋት።

«ከምድር በታች ባሕር አለ ሲሉ ነው የሰማሁት። ባሕሩ ሁለት ጋን ያቅተዋል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ባሕር የለም፣ አባቴ። ድንጋይ ነው ያለው። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚኖር።»

ከዚያ እያሳየች አስረዳችኝ። ዝናቡ ከላይ፣ ጓሳ በምንለው የሳር ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሳሩ ይይዘዋል፣ እንዳይሮጥ ያዘገየዋል፤ አፈሩ ቀስ አድርጎ ያሰርገዋል። ታች ሲደርስ በሁለት ዓለት መካከል የተጋደመ ቀይ ሸክላ አለ፤ እሱ አያሳልፍም። ውሃው ወርዶ ወርዶ መንገድ ሲያጣ በጎን ይሄድና ገደሉ ላይ ብቅ ይላል። ሰማዩ ስድስት ወር ደርቆ እኛ የምንጠጣው ለዚህ ነው። ሚያዝያ ላይ የምንቀዳው ያለፈውን ክረምት፣ ምናልባትም ያቻምናውን ዝናብ ነው። በአፈር ያለፈው እየተጣራ ይመጣል። በእኔ ስንጥቅ የገባው ግን የሚይዘው የለም።

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልገባኝም ነበር። የገባት ሚስቴ ናት።

«ማጥለያ ማለት ነዋ» አለች። «ደህና ከሆነ አተላውን ያስቀራል። ከተቀደደ አተላው ከነነፍሱ ይመጣል። ይኼ ሰውዬ ማጥለያው የተቀደደበት ላይ ነው የተቀመጠው።»

ባለሙያዋ ይህንም ጻፈች።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጓሳው ከግጦሽ ተከልክሎ ለዓመታት ሲዘጋ፣ በጎቼ ገቡ ተብዬ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ቆሜያለሁ። ሳር ከሰው በለጠ እያልሁ ስሳደብ ኖሬያለሁ። ለካ ያን ሳር ስጠጣው ነው የኖርሁት።

ስንጥቁን ሕዝቡ በዘመቻ ደፈነው፤ ታች ያለው ድንጋይ፣ ላዩ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር። ባለሙያዋ ክረምቱ አልፎ ዓለቱን እስኪያጥበው ምንጩ አይጠጣ አለች። የነፍስ አባቴም ንስሐ ሰጡኝ። ጾም አይደለም፣ ስግደት አይደለም። ውሃቸውን ያበላሸህ ውሃ ቅዳላቸው አሉኝ፤ ለአቅመ ደካሞች በሙሉ፣ ክረምት እስኪገባ፣ ከቆላ።

አህያዬን ጄሪካን ጭኜ ስወርድ ስወጣ ከረምሁ። መንገድ ላይ የማገኛቸው ሴቶች ዞር ብለው ያሳልፉኝና «እለፊ እመቤት፣ ወገብሽን አይዞሽ» ይሉኝ ነበር። ሙሴው ጄሪካኑን ሳይቀበሉ ሁለት ጊዜ ያሸቱት ነበር፤ ሁለተኛውን በተስፋ ይመስለኛል።

ሌላ ጉድጓድ ከምንጩ ወዲያ፣ ከገደሉ ማዶ በኩል ቆፈርሁ። ድንጋይ ነው፣ ከደረቴ አላለፈም። በሁለት ዓመቱ ሞላ። በዚያው ዓመት ጎልማሶች ትምህርት ገባሁና ፊደሉ ሲለየኝ መጀመሪያ ያነበብሁት የግድግዳዬን ወረቀት ነው። «በስብሰባው ላይ ስለተሳተፉ» ይላል። ለመገኘቴ ነው የሰጡኝ። እንዳለ ተውሁት፤ ማኅተሙ ያምራል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ነገሩ በሆነ በዓመቱ ቃና ዞሮ ሲመጣ ሕዝቡ ምንጩ ዳር ተሰበሰበ። ክረምቱ ደህና ዘንቦ ነበር፣ ባለሙያዋም ጠጡ ብላለች፤ ግን የሚደፍር ጠፋ። ቄሱ ቅሉን ሞልተው ለእኔ ሰጡኝ። አንተ ጀምር አሉኝ። መንደሩ በሙሉ አፌን ያያል። ሚስቴ ያን ሰሞን አሻሮ ስትቆላ ከቤት አስወጥታኝ ነበርና ጠላው ደህና ወጥቶላታል፤ ቢሆንም እንስራዋን እንዳዘለች ከሁሉ ፊት ቆማለች። ቆላ መመላለስ ከዚህ ያበቃል ወይስ አያበቃም፣ እሱን ነው የምትጠብቀው።

ጠጣሁ። ጥርስ ይቆርጣል። አፌ ውስጥ አንከባለልሁት።

«ምን ይላል?» አሉ ሙሴው።

«ምንም አይል።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ውሃ ነው።»

ሚስቴ እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደችና ጎንበስ ብላ መቅዳት ጀመረች። ሙሴው ገንዳውን አየት አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ።