ማተብ ያሰርንላቸው ሁለት ጎማዎች

ቤት በመኪና ሲጎተት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ነፋስ ስልክ፣ ባለቤቴ ዘበኛ በነበረበት ግቢ ውስጥ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ግቢው የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሥሪያ ቤት ነበር። እኔና ባለቤቴ በሩ አጠገብ አንድ ክፍል ተሰጥቶን እዚያው እንኖራለን፤ እሱ ይጠብቃል፣ እኔ አጸዳለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጂፕ አንድ ነጭ ቤት ጎትታ ስትመጣ ባለቤቴ በሩን ይክፈት ወይ ይዝጋ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

ካራቫን ይሉታል። ፈረንጅ መሐንዲስ ከነሚስቱ ይኖርበታል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መስኮቱ እንኳ መጋረጃ አለው። ይህ ሁሉ ሳይገርመኝ ሽንት ቤት እንዳለው ሳይ ግን አፌን ያዝኩ። ሰው ከሚተኛበት አንድ እርምጃ ላይ! እናቴ እንኳን ሽንት ቤት፣ ዶሮ ከመኝታዋ አጠገብ ስታድር ቅር የሚላት ሴት ነበረች፤ በሕይወት ኖራ ብታየው ምን ትል ነበር እያልኩ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

መሳቁ እስከ ማግስቱ ነው። ለካስ ያ ቤት ሆድ አለው። ንጹህ ውሃ በአንድ ጎማ ይጠጣል፣ የጠገበውን ደግሞ በሌላ ጎማ ከሆዱ አውጥቶ ጓሮ ወዳለው ጉድጓድ ይሰዳል። አብሮት የመጣው የፍሳሽ ጎማ መሬት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ኖሮ አንድ ጠዋት መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። የሆነውን አልጽፈውም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ገና ቁርሱን መብላቱ ሊሆን ይችላል።

የንብረት ክፍሉ ሹም አዲስ እንዲገዛ ታዘዘ። ረጅም፣ ደግ ሰው ነበር፤ "ጋሼ" ሲሉት ግን ቅር ይለዋል፣ "ጓድ" እንዲባል ይወድ ነበር። "የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ነይ ምረጪ" አለኝና መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይዞኝ ወረደ።

ጓድ ገና ከመግባታችን ቢጫ፣ ከላይ እስከ ታች ሽንሽን የሆነ ጎማ አነሳ። "ይኼ ነው። ዘመናዊ!" አለ።

እኔ ጣቴን ወደ ውስጡ ከተትኩ። በውስጡም ሽንሽን ነው። "ጓድ፣ ይኼ እኮ ሽንፍላ ነው። ሲያጥቡት ቢውሉ አይጠራም።"

"ምን ይይዝበታል?"

"የሚያልፍበትን ነዋ!"

ሻጩ ሳቀ። "እህቴ፣ ሥጋ ቤት መስሎሽ ነው የመጣሽው?"

"ወንድሜ፣ ያው አንጀት አይደል የምገዛው?"

እውነቴን ነው። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ የበግ አንጀት ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አጥቤአለሁ። ውስጡ የለሰለሰ ነገር የትናንቱን ለነገ አያቆይም። ስፈልግ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ጥቁር፣ ወፍራም ጎማ አገኘሁ። ጣቴን ብከተው ልስልስ አለኝ። አጥፌ ያዝኩት፤ አንገቱ አልተሰበረም። ተረከዜን አሳረፍኩበት፤ ሳነሳ ተመልሶ ክብ ሆነ። በአንድ አፉ እፍ ብል ነፋሱ በሌላው አፍ የሻጩን ጋቢ አነቃነቀው። "ይኼን ቁረጥልን" አልኩ። በክንድ ሲለካ የሻጩ ክንድ አጭር ሆኖ አየሁትና በጓድ ክንድ ካልሆነ አልኩ። መጨቃጨቁን የፈራው ጓድ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ሸማ ነጋዴ፣ ክንድ በክንድ ለካ። የውሃው ጎማም አርጅቶ ስለነበር ከዚያው ጥቅል ሁለቱንም አስቆረጥን። ያን ጊዜ እንደ ብልሃት ነበር የታየኝ።

አያያዙንም በራሴ መንገድ አበጀሁት። የፍሳሹን ጎማ ከሥራ በኋላ በሳሙና ውሃ እሞላና አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጌ፣ እጅ በእጅ እያስተላለፍኩ እስከ ሌላው ጫፍ እነዳዋለሁ። አንጀት የሚታጠበው እንዲህ ነው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከክፍላችን ጀርባ፣ ክፈፉ ጥላ በሚጥልበት ግድግዳ ላይ፣ በሰፊ እንጨት ላይ ሁለቱንም አፉን ቁልቁል አድርጌ እሰቅለዋለሁ፤ እንዲንጠባጠብ። አይጥ እንዳይገባበት አፉን በቁራጭ ወንፊት አስርለታለሁ። የውሃውንም ጎማ እንዲሁ በሳሙና አጥቤ፣ አፉን አስሬ፣ በዚሁ ግድግዳ በወዲያኛው ጫፍ እሰቅለዋለሁ።

እንዳይምታቱ ጓድ ንጹሁ ላይ በቀለም ጻፈበት። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያች ትምህርት ነው። በዚያ ሰሞን ግን ገና "መ" ላይ ነበርኩና የጻፈውን አላነበብኩትም። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቀለሙ ለቀቀ። እኔም ከክር መያዣዬ ሰማያዊ ክር አውጥቼ በንጹሁ ጎማ አንገት ላይ አሰርኩ። ማተብ ያለው ለውሃ፣ የሌለው ለፍሳሽ። ጓድ አይቶ፣ "ለላስቲክ ማተብ?" ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ፍቺው ግን አላለም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጎማ የኔ ሥራ ነው ብዬ ተውኩት።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ይዘው ያነጉ እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጃቸውን ሊድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ጠላ መጥመቅ ጀመሩ። ገብሱ በመከራ የተገኘ ነው፤ ጌሾውን ከለቡ ገበሬዎች ዘንድ ራሳቸው በእግራቸው ወርደው ነው ያመጡት።

ድፍድፉን በሚበጠብጡበት ቀን እኔ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበርኩ። ስመለስ ግድግዳችን በኖራ ነጭ ሆኗል፤ ባለቤቴ ኖራ በኖራ ሆኖ ይስቃል። ከጎማዎቹ አንዱ የለም።

"ጎማውስ?"

"እትዬ ከግቢው ቧንቧ በርሜል ሊሞሉ ፈልገው ባጥሩ ላይ ሰደድኩላቸው። ሞልተው ጨረሱ።"

"የቱን?"

"ማተብ ያለውን።"

ልቤ ተመለሰ። ደግ አደረግህ ልለው ወደተሰቀለው ስዞር ግን አንገቱ ላይ ሰማያዊ ክር አየሁ። "ይኼም ማተብ አለው እኮ!"

"አዎ፤ ኖራ ልቀባ ሁለቱንም ባወርዳቸው አንዱ ባዶ አንገቱን ነው። አንዱን ክርስትና አንስተሽ ሌላውን ምን ቢበድልሽ ነው ብዬ ከዚያው ክር አሰርኩለት።"

"የትኛው የት ነበር የተሰቀለው?"

ባለቤቴ የግድግዳውን አንድ ጫፍ አየ፣ ሌላውን ጫፍ አየ። ሳቁ ጠፋ።

የቀረውን አውርጄ አሸተትኩ። ሳሙና። በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ስቤ አሸተትኩ። ያም ጎማ ጎማ ብቻ ይላል፤ ትንሽ ሳሙና። የገዛ እጥበቴ ጉድ አደረገኝ።

"ዝም በይ" አለኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ። "ሦስት ጊዜ ታጥቧል። ደግሞ ጌሾ የማይገድለው ነገር የለም።"

ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ጠላው ይበስላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል። እኔ ግን እትዬ ዋንጫ ሲሰጡኝ ምን ብዬ ልጠጣ? ባልጠጣስ ለምን ይሉኛል? ብነግራቸውም ያን ሁሉ እህል መድፋት ነው፤ ደግሞ ለሠርግ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መግባት! አንድ ሁለቴ ተነስቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ግቢያቸው በሴት ሞልቷል። ሁለቱ በርሜሎች ውሃ ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ላይ ድፍድፉ ተበጥብጦ ውሃው ተሞልቶበታል።

"እትዬ፣ ጎማው…" አልኩ።

"ምነው፣ ተቀደደ እንዴ?"

"ኧረ አልተቀደደም። የቱ እንደሆነ ነው ያጣሁት።" ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የካራቫኑን ሆድ፣ ሁለቱን አንጀት፣ ማተቡን። ከሴቶቹ አንዷ ከበርሜሉ በጣሳ ቀድታ ስትጠጣ ነበር የደረስኩት፤ ጣሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

እትዬ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። "የቆሻሻው መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛስ አይደለሁም። አለመሆኑንም ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ድፍድፉን አዩ። ገብሱን፣ ያን መንገድ፣ ጉልበታቸውን ያሰቡ መሰለኝ። "ድፉት" አሉ።

ሦስት ሴቶች በርሜሉን አጋደሉት። ያ ቡናማ ነገር በቦዩ እየተንደቀደቀ ሲወርድ እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ሮጬ ሄጄ ለፋሲካ ያዘጋጀሁትን ብቅልና ገብስ ተሸክሜ መጣሁ። ባለቤቴን ደግሞ ሴቶቹ ፈረዱበት፤ በርሜሎቹ ታጥበው እስኪሞሉ ከቦኖ ውሃ ተሸከመ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ "ክርስትና አንሺው መጣ! አባ፣ ጣሳዬንም አጥምቁልኝ!" ይሉታል። እሱም አፍሮ ይስቃል፣ ውሃው ጀርባው ላይ ይፈሳል።

እትዬ ግን ከእኔ ጋር አይስቁም። "እንጨቱን አቀብዪኝ"፣ "ክዳኑን አንሺ" ብቻ። አኮረፉ ማለት አልችልም፤ እንደ ድሮው "አንቺ እብድ" ብለው አልጠሩኝም እንጂ። ሠርጉ እስኪደርስ ይኸው ነበር፤ እኔም ምግብ አልጣመኝም።

የሠርጉ ቀን በጓሮ በኩል ገብቼ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆየት ብሎ ድምፃቸውን ሰማሁ። "ያቺ የጎማ አጣቢ የት አለች? ጥሯት!"

እጄን እየጠረግኩ ሄድኩ። ዳሱ ሙሉ ሰው ነው። ማሰሮ አሸከሙኝ። "ጠላውን የምታሳልፊ አንቺ ነሽ" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። "ለሁሉም ከመቅዳትሽ በፊት በመዳፍሽ ትቀምሻለሽ። ለሁሉም!"

"እትዬ፣ ዳሱ እኮ ሙሉ ነው!"

"ሙሉ ይሁና። ጥፋቷን ራሷ የምትናገር ሴት ቀምሳ የሰጠችውን ማን ይፈራል?"

ቅጣት ይሁን ሹመት አልገባኝም። ብቻ ጠብ አድርጌ በመዳፌ እቀምሳለሁ፣ እቀዳለሁ፤ እቀምሳለሁ፣ እቀዳለሁ። ጓድ ከረባቱን አስሮ ተቀምጧል፤ ዋንጫውን ከማቅረቡ በፊት፣ "የትኛው ጎማ ነው?" ብሎ አሳቀብኝ። ፈረንጁ መሐንዲስ ሁለቴ አስደገመ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ማሰሮው ይቀለኝ ጀመር፤ አራተኛው ላይ የማላውቃቸውን ሽማግሌ "አባብዬ" ብዬ ሳምኳቸው። ባለቤቴ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ሆኖ "ያዟት! ያዟት!" ይላል።

በመጨረሻ እትዬ ዘንድ ደረስኩ። ቁጭ ብለው ነበር፤ እግራቸው ደክሞታል። መዳፌን ዘርግቼ ልቀምስ ማሰሮውን ሳዘነብል እጄን ያዙኝ።

"ለእኔ አትቅመሺ፣ አንቺ እብድ" አሉ። "ዝም ብለሽ ቅጂልኝ።"

ቀዳሁላቸው። ጨለጡና ዋንጫቸውን እንደገና ዘረጉልኝ።